ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ
(ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው)

ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በፎርሙላ ዋን አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አርጀንቲናዊ የውድድር መኪና አሽከርካሪ ነው። በ1911 ባልካርሴ በተባለች ከተማ ከጣሊያናውያን ስደተኞች ተወልዶ፣ በልጅነቱ ጋራዥ ገብቶ መካኒክነት ተማረ። በ1940 ከቦነስ አይረስ እስከ ሊማ ደርሶ መልስ የተካሄደውን ረጅም የመንገድ ውድድር በሼቭሮሌት አሸነፈ፤ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ዝነኛ የሆነው ግን አርባኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲቃረብ ነው።

የመጀመሪያውን ዋንጫ በ1951 በአልፋ ሮሜዎ አነሳ። በማግስቱ ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ከፓሪስ ሲነዳ አድሮ በጣሊያኑ የሞንዛ መወዳደሪያ ላይ እንቅልፍ ሳይቀምስ በመወዳደሩ መኪናው ተገልብጦ አንገቱ ተሰበረ፤ የዓመቱ ውድድርም በዚያው አለፈው። ከ1954 እስከ 1957 ግን በማዜራቲ፣ በመርሴዲስና በፌራሪ እየነዳ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1955 ከሻምፒዮናው ውድድሮች አንዱ በሆነው በእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ለቡድን ጓደኛው ለስተርሊንግ ሞስ ሆን ብሎ ድሉን ለቅቆለታል የሚሉ አሉ፤ ፋንጂዮ ራሱ አስተባብሏል።

ከሁሉ የሚልቀው ድሉ ያለ ጥርጥር በ1957 በጀርመኑ የኑርበርግሪንግ መወዳደሪያ ያገኘው ነው። የፌራሪ አሽከርካሪዎቹ ሆውቶርንና ኮሊንስ ሳይቆሙ ለመጨረስ ነዳጃቸውን ሞልተው ሲነሱ፣ እሱ ለስላሳ ጎማ አስገጥሞና ግማሽ ታንክ ብቻ ቀድቶ ተነሣ፤ መሐል ላይ ቆሞ ጎማ ሊቀይርና ነዳጅ ሊሞላ ነበር ሐሳቡ። ቆይታው ከታሰበው በላይ በመርዘሙ ግን ሲመለስ ከመሪዎቹ ከ45 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ 22.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የዙር ክብረ ወሰኑን ደጋግሞ ሰበረ፤ አንዱን ዙር በ9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ይህ በማጣሪያው ራሱ ካስመዘገበው ሰዓት በ8 ሰከንድ ይፈጥን ነበር። ከ22ቱ ዙሮች በ21ኛው ሁለቱንም ቀድሞ በ3.6 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ፤ በዚሁ ድል አምስተኛውን ዋንጫ በ46 ዓመቱ አረጋገጠ። እንደዚያ ቀን ነድቶ እንደማያውቅና ዳግመኛም መንዳት እንደማይሻ በኋላ ተናግሯል።

በየካቲት 1958 በኩባ ዋና ከተማ ሃቫና ላይ የአማፂው መሪ የፊደል ካስትሮ ታጣቂዎች ከሆቴሉ አፍነው ወሰዱት፤ በደኅና ይዘው ከውድድሩ በኋላ ለቀቁት። በዚያው ዓመት በፈረንሳይዋ ሬምስ አራተኛ ወጥቶ ከውድድር ተሰናበተ። ከተሳተፈባቸው 51 የፎርሙላ ዋን ውድድሮች 24ቱን አሸንፏል፤ የዋንጫ ክብረ ወሰኑንም እስከ 2003 የሰበረው አልነበረም። በ1995 ሲያርፍ የተቀበረው በትውልድ ከተማው ሲሆን፣ መኪናዎቹና ዋንጫዎቹም እዚያው በስሙ በተቋቋመው ሙዚየም ይገኛሉ።