ስለ ድሮፕዳውን የምሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

«ሰሌክት ያስጠላል፣ በዲቭ እንስራው።» ድረ ገጽ የምንሰራ ሰዎች ስብሰባ ላይ ይሄን መስማት ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር። ድሮፕዳውን ማለት ሲነኩት የምርጫ ዝርዝር የሚከፍት ሳጥን ነው። ሰሌክት ለዚሁ ተብሎ በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ) የተዘጋጀው ነው፣ ዲቭ ደግሞ የራሱ ስራ የሌለው ባዶ ሳጥን ነው።

ስህተት፦ ድሮፕዳውን ከመሰለ ድሮፕዳውን ነው።

አይደለም። የኤችቲኤምኤሉ ሰሌክት ምንም ሳትጨምሩበት በኪቦርዱ ታብ ይደረስበታል፣ በቀስቶቹ ይመረጣል፣ ሌብል (የስም ጽሁፍ) ካለው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም) ስሙንና የተመረጠውን ይናገራል። ዲቭ ግን ለስክሪን ሪደር ተራ ጽሁፍ ነው፣ ታብም ዘሎት ያልፋል።

እዚህ ኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ አይነ ስውር መምህር ናቸው፣ ስልካቸውን በቶክባክ (በአንድሮይድ ስክሪን ሪደር) ከኔ ፈጥነው ነው የሚጠቀሙት። አንዴ ፎርም ሲሞሉ ስም፣ ስልክ፣ ሁሉን ጨርሰው «ክፍለ ከተማ ይምረጡ» ጋ ቆሙ። ሁለቴ ሲነኩት ዝርዝሩ ተከፍቷል፣ ግን መከፈቱን የሚነግራቸው የለም፣ ምርጫዎቹም ኮዱ ውስጥ ገጹ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጡት። «አንተ ልጅ፣ እስኪ ና ንካልኝ» ብለው ጠሩኝ። እኔ ባልኖር ኢንተርኔት ቤት ሄደው የግል መረጃቸውን ለማያውቁት ሰው ሊሰጡ ነበር እኮ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ሌላውን ሁሉ ብቻቸውን ሞልተውታል!

ደግሞ የአይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ እኛ ሰፈር ኔትወርክ ሲደክም ጃቫስክሪፕቱ (ዲቩን የሚያሰራው ኮድ) ሳይወርድ ይቀርና የዲቩ ድሮፕዳውን ለማንም አይከፈትም፣ ሰሌክቱ ግን ይሰራል።

ስህተት፦ ዲቩ ላይ ኤሪያ (ለስክሪን ሪደር የሚጻፍ ምልክት) ጨምረንበታል፣ አለቀ።

ኤሪያ «ይሄ ኮምቦቦክስ (የምርጫ ሳጥን) ነው» ብሎ ለስክሪን ሪደሩ ከመናገር አያልፍም። ቀስቱ እንዲመርጥ፣ ኢስኬፕ ቁልፉ እንዲዘጋው፣ ፎከሱ (ኪቦርዱ አሁን ያለበት ቦታ) እንዲከተል የሚያደርገውን ኮድ እናንተው ናችሁ የምትጽፉት፣ ካልጻፋችሁት ተጠቃሚውን ዋሻችሁት ማለት ነው።

ስህተት፦ ሰሌክትን ማሳመር አይቻልም።

ከ2025 ጀምሮ፣ ከክሮም 135 ወዲህ፣ ዝርዝሩን ጭምር በሲኤስኤስ (በገጽ መልክ መጻፊያው ቋንቋ) ማሳመር ይቻላል፣ የማይደግፍ ብራውዘር ላይ ተራው ሰሌክት ይመጣል።

ስህተት፦ ውስጡ «ይምረጡ» ካለ ሌብል አያስፈልግም። ያስፈልጋል፣ ሰው ሲመርጥ ያ ጽሁፍ ይጠፋላ።

ስህተት፦ እንደተመረጠ ገጹ ይቀየር። ኧረ ተዉ፣ በቀስት የሚሄድ ሰው ገና ሳይወስን ትወስዱታላችሁ፣ «ቀጥል» የሚል በተን አድርጉለት።

ሶስት አራት ምርጫ ብቻ ካለ ደግሞ ድሮፕዳውኑን ተዉትና ሬዲዮ በተን (አንዱ ብቻ የሚመረጥ ክብ ምልክት) አድርጉት፣ ምርጫዎቹን በፊልድሴት (በማቀፊያ) ሰብስቡ፣ ጥያቄውን በሌጀንድ (በማቀፊያው ርዕስ) አስገቡት፣ ሌብሉንም አያይዙት፣ ጽሁፉ ሲነካም እንዲመረጥ። ዊካግ 2.2 (የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ) የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ወይ በዙሪያው በቂ ክፍተት ይኑረው ይላል፣ ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ እየተንገጫገጨ ለሚሞላ ሰው ግን እኔ 44 ነው የማደርገው።