ሆድ ዕቃ ማጠብ፦ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ

ትርፍ አንጀት ፈንድቶበት ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ሊጠየቅ ሲኬድ፣ አስታማሚው «ሆዱን አጥበውለት ነው የተረፈው» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን ትርፍ አንጀት ቆርጦ ካወጣ በኋላ ሆድ ውስጥ ንጹሕ የጨው ውኃ ያፈስሳል። ከዚያ ውኃውን ከመግሉ ጋር መልሶ በማሽን ይመጥጠዋል። አንጀቱ ውስጡ አይታጠብም። የሚታጠበው አንጀት፣ ጉበትና ሌሎቹ የሚገኙበት ክፍተት ነው።

ውኃው ኖርማል ሳላይን ነው፤ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው አለው። ብዙ ሰው «ጉሉኮስ» እያለ በጅምላ ከሚጠራቸው በደም ሥር ከሚሰጡ ፈሳሾች አንዱ ነው። ወደ ሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ ሞቅ ቢል ይመረጣል። ሰመመን ላይ ያለ ሰው በራሱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመርበት ይብስበታል። መግል ወደ ታች ስለሚወርድ ዳሌ ውስጥ፣ ከፊኛ ጀርባ ይጠራቀማል። በቀኝ ጎን በኩል ወጥቶ ጉበት ሥር የሚደበቅበትም ጊዜ አለ። ሐኪሙ እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ ይፈትሻል።

ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ ከተደረሰበት ማጠብ አያስፈልግም። ፈንድቶ መግሉ አንድ ቦታ ከታጠረ፣ ብዙ ውኃ ማፍሰስ የታጠረውን ወደ ንጹሑ ክፍል ሊበትነው ይችላል። መግሉ በመላው ሆድ ሲሠራጭ ነው ሁኔታው የሚለየው። ያን ጊዜ ሆድ መሐል ለመሐል ሊከፈትና ብዙ ሊትር ሊፈስበት ይችላል።

ለመሆኑ ማጠቡ ከመምጠጥ ብቻ ይበልጣል? በአሜሪካ ትርፍ አንጀታቸው የፈነዳ 220 ሕፃናት በሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ ሆዳቸው ታጠበ፣ ለሌሎቹ መግሉ ብቻ ተመጠጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት፣ ኋላ መግል የቋጠሩት በሁለቱም በኩል ከ100 ወደ 19 የሚጠጉ መሆናቸውን አሳየ። የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር የ2020 መመሪያም ማጠብ ከመምጠጥ የበለጠ ጥቅም የለውም ይላል። ስለዚህ «አላጠቡለትም» ብሎ ሐኪምን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ሕይወት የሚያተርፈው የፈነዳውን ማውጣት፣ መግሉን በደንብ መምጠጥና አንቲባዮቲክን በጊዜ መጀመር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይፈነዳ መድረስ ነው። መሐል አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሩቅ አይደለም። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ስድስት ኪሎ የካቲት 12፣ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቅ ዘውዲቱ። ሰው የሚዘገየው ሕመሙ ስለሚያታልለው ነው። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእምብርት ዙሪያ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ልብ ሥር ያመመንን ሁሉ «ጨጓራ ነው» እንላለን። ከፋርማሲ የጨጓራ መድኃኒትና ማስታገሻ ተገዝቶ ይታደራል። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ትኩሳት ይከተላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ሪፈር ተጽፎለት፣ ተራ ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል እስኪገባ ሌላ ሰዓት ይበላል። ድንገት ሕመሙ ቀለል ማለቱም አያዘናጋ፤ የፈነዳ ዕለት ለጥቂት ሰዓት እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ታጥቦም ሆነ ተመጥጦ የወጣ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላም መግል ሊቋጥር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሳምንት ገደማ ነው። ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ወይም ተቅማጥና ቶሎ ቶሎ ሰገራ መምጣት ይጀምረዋል። ተቅማጡን በምግብ አሳብቦ ቤት መቀመጥ አደገኛ ነው። ወዲያው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት። ትንሽ ከሆነ በአንቲባዮቲክ ይጠፋል። ትልቁ በመርፌ ወይም በቀጭን ቱቦ ይቀዳል፣ አልፎ አልፎም ሆድ ዳግመኛ ይከፈታል።