«ወደ ላይ ማለት» ምንድን ነው? ከመታነቅስ በምን ይለያል?

ልጄ ስድስት ወር ከሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። እስኪፈርስ የተቀቀለ ድንች በጣቴ ርዝመት ቆርጬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። በመዳፉ ሙሉ ጨበጠና ወደ አፉ ወሰደው፤ ጫፉን በድዱ ገመጠ። ጥቂት አገላበጠው። ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ፊቱ ቀላ፣ ምላሱን ወደ ውጭ አወጣና «ኧክ!» አለ። እናቴ «በስመ አብ! ታነቀ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ጣቷን ወደ አፉ ልትሰድ ስትል እጇን ያዝኩት። የእኔም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ቁራሹን በምላሱ ገፍቶ ከንፈሩ ላይ አደረሰው፣ ወደቀለት፣ አየው፣ አንስቶ መልሶ ጎረሰው።

እናቴ «ታነቀ» ያለችው ነገር ስሙ ሌላ ነው፤ ወደ ላይ ማለት ይባላል። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ስንደነግጥ ግን ሦስቱንም በአንዱ እንጠቀልላቸዋለን። ምግቡ ገና ምላስ ላይ እያለ ሰውነት አልቀበልም ብሎ ወደ ፊት ሲመልሰው ልጁ ወደ ላይ አለው እንላለን። ጥቂት ምግብ ወይም ውሃ ወደ አየር ቧንቧው ሲያመልጥና ሳል ሲያስወጣው ደግሞ ትን አለው ነው። መታነቅ የምንለው የአየር ቧንቧው ሲዘጋና ትንፋሽ ሲያጥር ነው። የመጀመሪያው ለልጁ መከላከያው ነው። ሁለተኛው ያስደነግጣል፣ ልጁ በኃይል እየሳለ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያወጣዋል። ለሕይወት የሚያሰጋው ሦስተኛው ነው።

አዋቂ ሰው ወደ ላይ የሚለው የምላሱ ሥር ሲነካ ነው፤ ሐኪም ጉሮሯችንን ሊያይ ምላሳችንን ወደ ታች ሲጫን ሁላችንም እናውቀዋለን። የስድስት ወር ሕፃን ግን ይህ ቦታ ያለው በጣም ወደ ፊት፣ ወደ ምላሱ መሐል ተጠግቶ ነው። ምግቡ ከአየር ቧንቧው ገና ሩቅ እያለ «ይህን አላመጥኩትም፣ ተመለስ» ይባላል። ልጁ የሚያላምጠውን ነገር እየለመደ ሲሄድ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘጠነኛው ወር ገደማ ላይ ብዙ ልጆች ወደ ላይ የሚሉት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። እንግዲህ ገና ምግብ የጀመረ ልጅ በማዕድ ላይ ደጋግሞ ኧክ ማለቱ ጉሮሮው ጠቦ፣ ወይም ምግቡ ጠልቶት አይደለም። ትምህርት ላይ ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። ወደ ላይ የሚል ልጅ ድምፅ አለው፤ ያጓራል፣ ይስላል፣ አንዳንዴም ያስታውካል። ፊቱ ይቀላል። የታነቀ ልጅ ግን ዝም ይላል። አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ለማልቀስ እየሞከረ ልቅሶው አይወጣም፤ ወይም ቀጭን የፉጨት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የእኛ ልጆች ቆዳ ጠይም ስለሆነ ፊት ላይ ይህ ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱን፣ ምላሱንና ጥፍሩን ማየት ነው። ሰው በሚንጫጫበት ቤት ጥግ ላይ ዝም ያለ ልጅ እየበላ ከሆነ ዞር ብላችሁ እዩት የምለው ለዚህ ነው።

ልጁ ወደ ላይ ሲል ጣት አፉ ውስጥ መክተት ትልቁ ስሕተት ነው፤ በምላሱ እየወጣ የነበረውን ቁራሽ ጣት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጀርባውን መምታትም አያስፈልግም። ፊቱን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል እንዲል ማድረግ፣ በተረጋጋ ድምፅ «አይዞህ፣ አውጣው» ማለት ይበቃል። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አስር ያህል ማዕድ ፈጅቶብኛል።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ ማንንም ሞኝ አያሰኝም። ግን ዋጋ ያስከፍላል። የፈራች እናት ምን ታደርጋለች? ታቀጥናለች። ገንፎው አጥሚት ይሆናል፣ አጥሚቱም ውሃ ይሆናል። የስምንት ኪሎ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህ ሆድ በውሃ ከተሞላ ለምግብ ቦታ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ6 እስከ 8 ወር ያለ የሚጠባ ሕፃን ከጡት ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከምግብ ይፈልጋል፤ ከ9 እስከ 11 ወር 300። ከስድስት ወር በኋላ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን ክምችትም እያለቀ ስለሚሄድ የእንቁላል፣ የጉበትና የሥጋ ተራ የሚደርሰው ያኔ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች በምግብ ዓይነትም በቀን በሚበሉት ጊዜ ብዛትም ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው አልልም፤ የኑሮ ውድነትና የእናቶች ሥራ ብዛት ይቀድማሉ። እንቁላል መግዛት የቻለ ቤት ግን ፈርቶ ሳይሰጥ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ከማቅጠን የባሰው ደግሞ መጋት ነው። ሕፃኑን ጭን ላይ አንጋሎ፣ እጁን ይዞ፣ መዳፍን እንደ ጽዋ አፉ ላይ አድርጎ አጥሚት ማፍሰስ። ብዙዎቻችን እንዲህ አድገናል፤ የጋቱንም በፍቅር ነው። የሚያለቅስ ልጅ ግን በየመሐሉ አየር ይስባል፣ አየሩን ሲስብ አፉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አብሮ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እንዳይታነቅ ብለን ድንች የከለከልነውን ልጅ ይበልጥ ለሚያሰጋው ነገር እንዳርገዋለን ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ደጋግሞ ወደ ላይ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚሉ አሉ፤ እንጥሉ አብጦ ሳያንቀው ይቆረጥ ተብሎ በምላጭ የተቆረጠባቸው ሕፃናት ዛሬም አሉ። እንጥል ልጅን አያንቅም። የሚገለው መቆረጡ ነው፤ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። ወደ ላይ ማለት ምን እንደሆነ ለአያቶች ማስረዳት ትልቅ ነገር ነው የምለው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ታዲያ መቼና በምን ይጀመር? ስድስት ወር ሲሞላው፣ ደገፍ አድርገው ሲያስቀምጡት አንገቱን አጽንቶ መቀመጥ ሲችል፣ ምግብ ሲያይ እጁን ሲዘረጋ፣ ማንኪያውንም በምላሱ መግፋት ሲተው። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ከምጥን ዱቄት የተሠራ፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ያለበት፣ እንቁላል የተመታበት። ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ አቮካዶ፣ ሙዝ በሹካ ይዳመጡ፤ በብሌንደር እንደ ጭማቂ አይፈጩ። በስምንተኛው ወር ገደማ አብዛኞቹ ልጆች ለስላሳ ነገር በእጃቸው ይዘው መብላት ይችላሉ። በርበሬ ያልገባበት ሽሮ ፍትፍት በደንብ የራሰ ከሆነ ግሩም ምግብ ነው። ሸካራ ነገር እስከ አሥረኛው ወር ሳይነካ የቆየ ልጅ ኋላ ላይ ምግብ የሚመርጥ ሆኖ ሊያስቸግር ይችላል፤ ማላመጥ እንደ መራመድ ልምምድ ይፈልጋል።

በኒው ዚላንድ 206 ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በማንኪያ የሚበሉትንና፣ ወላጆቻቸው ስለ መታነቅ ምክር ተሰጥቷቸው ራሳቸው በእጃቸው የሚበሉትን አወዳደረ። በመታነቅ ብዛት ልዩነት አልተገኘም። ከሁለቱም ወገን ግን ብዙዎቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያንቅ ዓይነት ምግብ ቀርቦላቸው ነበር። የእኔም ጭንቀት ከማንኪያና ከእጅ ክርክር ወጥቶ ምግቡ ምንድን ነው ወደሚለው የዞረው ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

የምግቡ ፈተና ቀላል ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ሲጫኑት ይፈርሳል? ከፈረሰ ጥርስ የሌለው ድድም ያፈርሰዋል። ጠንካራ፣ ክብ፣ የሚያሟልጭ ወይም የሚለጠፍ ከሆነ ያስፈራል። የሕፃን አየር ቧንቧ ጠባብ ነው፣ ሳሉም ደካማ ነው፤ ክብ ነገር እንደ ቡሽ ይገጥምበታል። የፊት ጥርስ ማብቀሉም አያታልላችሁ፤ የፊት ጥርስ ይገምጣል እንጂ አይፈጭም፣ መንጋጋ የሚበቅለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ጥሬ ፖምና ጥሬ ካሮት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ ልጁ ይቆርጠዋል፣ የቆረጠውን ግን ምንም ሊያደርገው አይችልም። የወይን ፍሬ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ሥጋው ይፈጭ ወይም በጣም ይድቀቅ። ለውዝ ከተሰጠ ልሞ፣ ገንፎ ውስጥ ቀጥኖ ይግባ፤ በማንኪያ የተቆለለ የለውዝ ቅቤ ራሱ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ማር ደግሞ ከመታነቅ ጋር ባይገናኝም ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ስለ ቆሎ ግን ቆም ብዬ ልናገር። ቡና ሲፈላ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ፈንድሻው ይበተናል፣ ቆሎው በሰፌድ ይዞራል። እንግዳው እያወራ ሁለት ሦስት ፍሬ ከጣቱ ያመልጠዋል፤ ቄጠማው ውስጥ ይገባል፣ ማንም አያየውም። ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ እየዳኸ መጣ። በዚያ ዕድሜው አዲስ የተማረው ነገር በሁለት ጣቱ ጥቃቅን ነገር መልቀም ነው፤ ሽምብራዋን ያገኛታል፣ የት እንደሚወስዳትም ይታወቃል። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንድሻና ከረሜላ አራት ዓመት እስኪሞላው አይሰጠውም። ቡናው ይፈላ፣ እኔም ያለ ቡና አልኖርም፤ ልጁ ግን ሰው ታቅፎት ይቆይ፣ ቄጠማውም ሲነሳ ወለሉ ተጠርጎ ከዚያ ይውረድ። እንግዳ «አንዲት ፍሬ ምን ታደርገዋለች» ሲል እምቢ ማለት ነውር አይደለም።

ጉርሻም እንዲሁ። ለትልቅ ሰው ክብር ነው፣ ለሕፃን ግን ምግቡን ከምላሱ መሐል አሳልፎ ያስገባበታል፤ ያ ጠባቂ የሆነው «ኧክ» ጊዜ አያገኝም። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ አድርሱና እሱ ይምጣበት። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ጀርባ ላይ ታዝሎ ዳቦ ማስያዝ ምቹ ልማድ ይመስላል፣ ያዘለችው እናት ግን ፊቱን አታየውም፤ ከታነቀም ድምፅ የለውምና አትሰማውም። መኪና ውስጥም ያው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊታነቅ ይችላል፤ እኔን ከፍርሃት ያወጣኝም ያን ጊዜ ምን እንደማደርግ በአሻንጉሊት ላይ መለማመዴ ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ከታነቀ፣ ማለትም መሳልም ማልቀስም ካልቻለ፣ ጮኸን ሰው እንጠራለን፣ ሌላው ይደውል፤ በኢትዮጵያ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101። እኛ ቁጭ ብለን ልጁን በክንዳችን ላይ በደረቱ እናስተኛዋለን፤ መንጋጋው በእጃችን ይደገፍ፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። በመዳፋችን ተረከዝ በትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገን እንመታለን። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠን ከጡቶቹ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ የደረቱን አጥንት መሐል 5 ጊዜ ወደ ታች እንጫናለን። እስኪወጣ ወይም ልጁ እስኪዝል ይህን እያፈራረቅን እንቀጥላለን። ሆዱን አንጫንም፤ ያ ለትልልቆች ነው፣ ሕፃን ላይ ጉበት ይጎዳል። ያልታየ ነገር በጣት አንፈልግም፤ ፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ ብቻ ይነሳ። ከዛለና መተንፈስ ካቆመ 30 ጊዜ ደረቱን ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ነው፤ ይህኛውን ግን ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ሄዳችሁ በእጃችሁ ሞክሩት።

ቁራሹ ወጥቶ ልጁ ቢስቅም እንኳ ሐኪም ይየው። ምክንያቱም ግማሿ ገብታ ልትቀር ትችላለች፤ በተለይ የቆሎና የለውዝ ስባሪ። አየር ቧንቧውን ሙሉ አትዘጋም፣ አንዱን ቅርንጫፍ ይዛ ትቀመጣለች፣ ልጁም ከቀናት በኋላ በሳልና በትኩሳት ይመለሳል። ሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይጀምረዋል። እንዲህ ያለ ሳል ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባትጠየቁም ተናገሩ፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት ቆሎ በልቶ ትን ብሎት ነበር።»