አማካሪ ምን ያደርጋል? ስለ ድኅረ ምረቃ አማካሪነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ከመሠረተና በ1987 የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትም በየክልሉ ተዳርሷል። አማካሪ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱን የሚከታተለው መምህር፣ እና ተማሪው አንዱ ከሌላው ምን እንደሚጠብቅ ግን በግልጽ የሚነገርበት ቦታ ጥቂት ነው። አብዛኛው ተማሪ የአማካሪውን ድርሻ የሚረዳው ቀድመውት ከተመረቁ ጓደኞቹ ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በመጀመሪያ በተማሪነት፣ በኋላም በአማካሪነት ደጋግመው ያጋጠሙኝን አመለካከቶች ከዚህ በታች አነሣለሁ።

«ርዕስ የሚሰጠው አማካሪው ነው»

በላቦራቶሪ ሳይንስ ይህ በከፊል እውነት ነው። ኬሚካሉና መሣሪያው የሚገዛው አማካሪው ባስገኘው የፕሮጀክት ገንዘብ ከሆነ፣ ተማሪው የሚሠራው ከፕሮጀክቱ ጥያቄዎች አንዱን ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ ግን ጥያቄው ከተማሪው መምጣት ይኖርበታል፤ የአማካሪው ድርሻ ማጥበብ ነው። ተማሪው «የወጣቶች ሥራ አጥነት በኢትዮጵያ» ብሎ ሲመጣ፣ አማካሪው የትኛው ከተማ፣ የትኞቹ ወጣቶች፣ መረጃው ከየት ይገኛል፣ በቀረው ጊዜስ ይደረስበታል ወይ እያለ ይጠይቀዋል። ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ሰምተው ያርማሉ እንጂ የተማሪውን ቅኔ እሳቸው አይቆጥሩለትም።

«አማካሪው ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው»

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ፕሮፖዛሌን (የጥናት ዕቅዴን) እና መጠይቄን ለአማካሪዬ ልኬ መልስ ሳላገኝ ሳምንታት አለፉ። ዝምታውን እንደ ይሁንታ ቆጥሬ መጠይቁን በተንኩት። ከተሰበሰበ በኋላ ሲያዩት ዋናውን ጥያቄዬን የሚለካ አንድም ጥያቄ በውስጡ እንዳልነበረ ነገሩኝ፤ ሥራውን እንደገና ጀመርኩት። እሳቸው ማንበብ ነበረባቸው፤ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።

ዝምታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሥራ መደራረብ ነው። አንድ መምህር የቅድመ ምረቃ ኮርስ እያስተማረ፣ በኮሚቴ እየተሰበሰበና በርካታ ተማሪዎችን እያማከረ 80 ገጽ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲደርሰው ለነገ ያሳድረዋል። በአንጻሩ «ከገጽ 12 እስከ 20 ያለውን የናሙና አመራረጥ ቀይሬያለሁ፤ ምክንያቴ ይህ ነው፤ እባክዎ ይህን ክፍል ብቻ እስከ ዓርብ ይዩልኝ» የሚል አጭር መልእክት መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላም የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጽፎ ለአማካሪው መላክ፣ ከወራት በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ከሚል ክርክር ያድናል። በሕክምናና በጤና ጥናት ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ የሚሰጠው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ስለሆነ፣ በዝምታ ተማምኖ የወጣ ተማሪ የሰበሰበውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

«ከአማካሪ ጋር መከራከር ነውር ነው»

ከሁሉም በላይ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት አመለካከት ይህ ነው። ለመምህር መልስ አለመስጠትን እንደ ጨዋነት እየቆጠርን ስላደግን፣ ተማሪው ያላመነበትን አስተያየት ሁሉ «እሺ» ብሎ ይቀበላል። ውጤቱ የሚታየው በዲፌንሱ፣ ማለትም ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት አቅርቦ በሚጠየቅበት ቀን ነው። የውጭ ፈታኙ «ይህን ዘዴ ለምን መረጥክ?» ሲለው «አማካሪዬ ነው ያለኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ መልስ ደግሞ ጥናቱ የእሱ እንዳልሆነ በገዛ አፉ መመስከር ነው።

አማካሪው ዘዴውን ያውቃል፤ ጥናቱ የሚካሄድበትን ቀበሌ ግን ሄዶ ያየው ተማሪው ነው። በቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ እንደሌለ ያወቀ ተማሪ፣ ከመዝገብ ናሙና እንዲመርጥ ሲነገረው ዝም ካለ ሁለቱም ይሳሳታሉ። አክብሮትና ተቃውሞ አብረው መሄድ ይችላሉ፦ «እርስዎ እንዳሉኝ ሞክሬ ነበር፤ መዝገቡ ግን የለም፤ በዚህ መንገድ ብሄድ እንዴት ያዩታል?» ማለት ማንንም አይደፍርም። እንዲህ ተጠይቆ የሚቆጣ አማካሪ ካለ፣ በእኔ እምነት ኃላፊነቱን የዘነጋው እሱ ነው።

«እንግሊዝኛውንና ስታቲስቲክሱን አማካሪው ያስተካክላል»

አማካሪው ትንታኔው ከጥያቄው ጋር ይሄድ እንደሆነ ይመረምራል፤ የሐሳቡን ፍሰት ይተቻል። ሰዋስው ማረምና ቁጥር ማስላት የተማሪው ሥራ ነው። ክፍተቱን በክፍያ «ቴሲስ እንሠራለን» በሚሉ ሰዎች መሙላት ደግሞ የሌላን ሰው ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ ስለሆነ፣ ሲደረስበት ዲግሪን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

«አማካሪው ከፈረመ ዲፌንሱ አለቀ»

ፊርማው ጽሑፉ ለፈተና ሊቀርብ እንደሚችል ይገልጻል እንጂ ውጤቱን አይወስንም። የሚወስኑት ፈታኞቹ ናቸው፤ አማካሪው በዚያች ሰዓት ተማሪውን ተክቶ እንዲመልስ አይጠበቅም።

«በሚታተመው ጽሑፍ ላይ የአማካሪው ስም የግድ መግባት አለበት»

ይህን አማካሪዎችም ያምኑበታል። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መስፈርቶችን በአንድነት ይጠይቃል፤ እነሱም ለጥናቱ ንድፍ ወይም መረጃ ጉልህ አስተዋፅኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት መከለስ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ እና ስለ ሥራው ተጠያቂ መሆን ናቸው። አጠቃላይ ክትትል ማድረግ ወይም ገንዘብ ማስገኘት ብቻውን ምስጋና እንጂ ደራሲነት አያስገኝም። ንድፉን አብሮ የቀረጸና ረቂቁን መስመር በመስመር የከለሰ አማካሪ ግን ስሙ ሊገባ ይገባዋል፤ ማን ቀዳሚ ደራሲ እንደሚሆንም ጽሑፉ ሳይጀመር መነጋገር ይሻላል።

«አማካሪ አንዴ ከተመደበ አይቀየርም»

ይቀየራል፤ መንገዱ ግን ደረጃ አለው። ችግሩ የሙያ ክፍተት ከሆነ፣ ለምሳሌ አማካሪው ጉዳዩን አውቆ የትንታኔ ዘዴውን የማያውቅ ከሆነ፣ ተባባሪ አማካሪ እንዲጨመር መጠየቅ ይበቃል። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ደግሞ የተላኩ ረቂቆችን፣ ቀኖቻቸውንና የተሰጡ ምላሾችን በማያያዝ ለትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ቢቀርብ አዲሱ አማካሪ ጥናቱን ገና ከመሠረቱ ሊያግዝ ይችላል፤ ለዲፌንስ አንድ ወር ሲቀር ከቀረበ ግን የሚረከበው ያለቀ ጽሑፍ ነው።