«ብረት ከነካው አበቃ» እና ሌሎች ስለ ሊምፎማ የሰማናቸው

ታናሽ ወንድሜ አንገቱ ላይ የወጣችውን እብጠት ያሳየኝ ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። «እስቲ ይቺን ንኪያት» አለኝ። በግራ በኩል፣ ከአንገቱ ሥር፣ የትንሽ ሎሚ ያህል ነበረች። ስጫናት እንደ ጎማ ነች። «ያምሃል?» ስለው «ምንም» አለ።

ሊምፎማ የሚባል የደም ሴል ካንሰር ነበረች። ከዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱን ያህል ምክርም ተቀብለናል። ከፊሉ አጽናናን፤ ከፊሉ ደግሞ ልጁን ሊያሳጣን ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን በዚያ ዓመት የጠየቅኩትን ያህል በትምህርት ቤት አልጠየቅኩም። የተባልነውን እንደተባለ ላስቀምጥና እውነታውን ከሥሩ ልጻፍ።

«ካላመመው ምን አለበት? ንፍፊት ነው»

ንፍፊት የማያውቅ የለም። እግር ሲቆስል ብሽሽት ያብጣል፤ ጥርስ ሲታመም አገጭ ሥር ያብጣል። ያኛው ያማል፤ ቁስሉ ሲድንም ይጠፋል። የሊምፎማ እጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያዘናጋውም ይሄው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያልጠፋ፣ ይባስ ብሎ የሚያድግ እጢ ሐኪም ይየው። ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከተጨመረበት ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም። ወንድሜን ሰውነቱን ያሳክከው ነበር። ሽፍታ የለ፣ ምን የለ። እኛ ሳሙና ቀየርንለት።

ሌላም ጣጣ አለ። በአገራችን የእጢ ቲቢ ብዙ ነው። እሱም አንገት ላይ ሳያምም ያብጣል፣ ያልባል፣ ያከሳል። ቋንቋችን ራሱ አይለያቸውም፤ ነቀርሳ ስንል ካንሰር ነው፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ ናሙና ሳይወስድ የቲቢ መድኃኒት አስጀመረው። ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ።

«ብረት ከነካው አበቃ»

ይህን ያላለን ዘመድ የለም። ናሙና ሊወሰድ ነው ሲባል አክስቴ ደውላ አለቀሰች። «በፈጠራችሁ፣ ቢላ እንዳታስነኩት!»

አባባሉ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታው ከተጫወተበት በኋላ ነው። ይቀደዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ያርፋል። በሽታው ተረስቶ ቢላው ይከሰሳል።

ናሙና መውሰድ ሊምፎማን አያሰራጭም። ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉ የነጭ ደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ዋናው ሕክምናውም መድኃኒት ነው፤ አንዳንዴ ጨረር ይጨመርበታል። ቢላው የሚያስፈልገው ስሙን ለማወቅ ነው። ምክንያቱም ሊምፎማ አንድ በሽታ አይደለም፤ ከ60 በላይ ዓይነት አለው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የወንድሜ ሆጅኪን የሚባለው ነው። ስሙ በ1832 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው የለንደን ሐኪም ከቶማስ ሆጅኪን የመጣ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጉጉት ዓይን የሚመስል ትልቅ ሴል አለው። በቀጭን መርፌ የሚሳበው ናሙና ብዙ ጊዜ ይህን ለይቶ ለመናገር አይበቃም። ስለዚህ ሐኪሙ «እጢው ሙሉውን ይውጣ» ሲል ለክፋት አይደለም።

«ደረጃ 4 ከሆነማ…»

ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው ሰው የለም፤ ራስ ብቻ ይነቀነቃል። በሊምፎማ ግን ደረጃ 4፣ ማለትም በሽታው ርቆ የተሰራጨበት ደረጃ፣ እንደ ሌሎቹ ካንሰሮች አይደለም። ደም የትም ይደርሳል፤ የደም ሴል ካንሰርም እንዲሁ። ደረጃ 4 ላይ ተገኝተው የዳኑ የሆጅኪን ታማሚዎች ብዙ ናቸው። በቂ ሕክምና ባለበት አገር ከ100 የሆጅኪን ታማሚዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሁሉም ዓይነት እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አንጀምርም፣ እንከታተል» የሚልበትም አለ። ያኔ «ተስፋ ቆርጠውበት ነው» ተብሎ ይወራል። አይደለም።

«ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ብርጭቆውን አትለዩበት።

«ውጭ ካልሄደ አይድንም»

ቤት ሸጦ ባንኮክ ወይም ሕንድ የሄደ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለሆጅኪን በብዛት የሚሰጠው ኤቢቪዲ የሚባል የአራት መድኃኒቶች ስብስብ ነው፤ አድሪያማይሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲን፣ ዳካርባዚን። ሚላን ውስጥ የጣሊያን ሐኪሞች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀናጁት ነው። ባንኮክም ሆነ አዲስ አበባ መድኃኒቱ ያው ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ከገበያ ይጠፋል፣ ወረፋው ያንገላታል። ጨረር ለብዙ ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከክልል ለሚመጣ ሰው ደግሞ ማደሪያው ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ እንደሚሰጥ ያወቅነው ተራ ስንጠብቅ ነው፤ ከአጠገባችን ከተቀመጡ እናት። ከመሸጥ በፊት መጠየቅ ይቅደም።

«ደም ሸና!»

ከመጀመሪያው ኬሞ የተመለስን ማታ ወንድሜ ከመጸዳጃ ቤት ጮኸ። ስንሄድ ሽንቱ ቀይ ነው። እማዬ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች። ደም አይደለም። አድሪያማይሲን ራሱ ቀይ ነው፤ ለአንድ ሁለት ቀን በሽንት ይወጣል። ይህን የምታህል ነገር ቀድሞ የሚነግር ቢኖር ኖሮ ያን ሌሊት እንተኛ ነበር።

«ምች ነው»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። አራተኛው መርፌ ከተሰጠ በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ማታ፣ ወንድሜን ብርድ ብርድ አለው። እማዬ ምርመራዋን ጨረሰች። «ጠዋት በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ምች ነው።» ዳማከሴ ከጓሮ ቀጥፋ መዳፏ ላይ ማሸት ጀመረች። ሽታው ቤቱን ሞላው። እውነቱን ለመናገር እኔንም ደስ አለኝ፤ የልጅነቴ ሽታ ነው። ሙቀቱን ስለካው 38.4 አለኝ።

ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይገድልም። ነጭ የደም ሴልንም ያወርዳል፤ በብዛት ከመርፌው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ያኔ ሰውነት ጠባቂ የለውም። ሌላ ጊዜ በሻይና በእንቅልፍ የሚያልፍ ጀርም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ከደረሰ ድንገተኛ ነው። እስከ ጠዋት አይታደርም። ሳያማክሩ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሙቀቱን ማብረድም ያታልላል፤ ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ጀርሙን አይነካም።

ዘመድ በስልክ «እስኪነጋ እዩት» አለ። ስልኩን ዘግቼ ራይድ ጠራሁ። እማዬ ዳማከሴውን ጨብጣ ገባች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሟ የእማዬን መዳፍ አየችና ሳቀች። «እናቴ፣ ጥሩ አድርገዋል። ሁልጊዜም መኪና ውስጥ ሆነው ይቀቡት» አለቻት። አምስት ቀን በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወሰደ።

በዚያው ጠያቂን ላንሳ። ታማሚ መጠየቅ ወጋችን ነው፤ ነጭ ደሙ በወረደበት ሳምንት ግን ሃያ ሰው አልጋ ዙሪያ ተቀምጦ ሲያስል ወግ አይደለም። እኛ በሩ ላይ «ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቀን» ብለን ለጠፍን። የተቀየመን አለ።

«ደሙን የሚተካለት ጥሬ ሥጋና ቀይ ሥር ነው»

ቀይ ሥር ይጠጣ፣ ክፋት የለውም። ግን ነጭ ደም አይተካም። ሲያስፈልግ ለዚያ የሚሰጥ መርፌ አለ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ደግሞ በዚያ ወቅት ጀርም በሰሃን ማቅረብ ነው። ወንድሜ የክትፎ ሰው ነው፤ ስድስት ወር በደንብ የበሰለ ሥጋ ሲበላ ፊቱን ማየት ነበር። ሰው የሚያመጣውን የቅጠል ዱቄትም ሳንነግረው እንዳንሰጥ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል፤ ጉበቱ ደግሞ ኬሞውን እያስተናገደ ነው።

ጠበልስ? «መድኃኒት ከያዘ ጠበሉ አይሠራም» የሚል ሰው አጋጥሞናል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አትልም። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ይኸው ክርክር ተነስቶ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። የእኛም የንስሐ አባት ጾሙን አስተዉት፤ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» አሉት። ነጭ ደሙ በወረደበት ሰሞን ግን ሰው የሚጋፋበት ቦታ አልሄደም።

«ተሻለኝ»

ከሁሉ የምፈራት ቃል ይቺ ናት። ሦስተኛው መርፌ ላይ እብጠቱ ጠፋ። ማሳከኩ ቆመ፣ ላቡ ቆመ። ወንድሜ መስታወት ፊት ቆሞ አንገቱን እያሻሸ «ይኸው የለም! ታዲያ ለምንድነው የምሰቃየው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። እብጠቱ እውነትም የለም።

ግን በእጅ አልተዳሰሰም ማለት የለም ማለት አይደለም። የአንድ ሴንቲሜትር እጢ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሴል አለ። እያንዳንዱ ዙር ከቀረው ላይ የተወሰነውን እየገደለ ይሄዳል እንጂ ሁሉንም ባንዴ አይጠርግም። የወንድሜ 6 ዙር ነበር፤ በየ15 ቀኑ፣ 12 መርፌ። ግማሽ ላይ ያቆመ ሰው የሚተወው ጠንካራዎቹን ነው። ሲመለስ ደግሞ ከባድ ኬሞና የስቴም ሴል (ደም የሚሠሩ እናት ሴሎች) ንቅለ ተከላ ይፈልግ ይሆናል፤ እሱ እዚህ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም።

እኔ ስናገር አልሰማኝም። አጠገቡ መርፌ ይወስድ የነበረ ልጅ ነው ያሳመነው። እሱም አምና «ተሻለኝ» ብሎ አቁሞ፣ ሥራ ገብቶ፣ እንደገና የመጣ ነበር። ብዙ አልተናገረም። «ባለፈው እዚህች ወንበር ላይ ነበርኩ» ብቻ አለው። ከዚያ ወዲያ ካላንደሩ ላይ በየመርፌው ምልክት የሚያደርገው ወንድሜ ራሱ ሆነ።

«ኬሞውን ከጨረሰ ጨረሰ»

12ኛው መርፌ ካለቀ በኋላ ቤታችን ቡና ተፈላ፣ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ተባለ። በሳምንቱ «ሥራ አልጀመረም እንዴ?» መባል ተጀመረ። ልጁ ግን ደረጃ ወጥቶ ያርፍ ነበር። ድካሙ ወራት ይቆያል፤ ስንፍና አይደለም። ቪንብላስቲን ጣቶቹን አደንዝዞበት የሸሚዝ ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ይሄ ቀስ እያለ ተሻሻለ። ፀጉሩ ተመልሶ በቀለ፣ ከድሮው ተጠቅልሎ። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ዝም አይባልም፤ ብሊዮማይሲን ሳንባ ሊነካ ይችላል።

«ከእንግዲህ አይወልድም» ያሉትም አልጠፉም። ኤቢቪዲን ከወሰዱ በኋላ የወለዱ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ግን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ለሐኪሙ ይቅረብ፤ ከባድ የሆኑት ኬሞዎች እንደ ኤቢቪዲ አይደሉም።

የመጨረሻው ስካን ደረቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ቀርታለች አለ። ዓለም ተደፋብን። ሐኪሙ ግን ጠባሳ ሊሆን እንደሚችል፣ የሞተ እጢ ሁልጊዜ ሟሙቶ እንደማይጠፋ አስረዳን። ሆጅኪን ከተመለሰ በብዛት የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ ክትትሉ በየ3 ወሩ ሆነ። ቀጠሮው ሲቃረብ ወንድሜ አይተኛም። እማዬ ምንም አትጠይቅም፤ ሽሮውን ብቻ ጨው ታበዛበታለች።

ባለፈው አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰ፣ ብብቱን ዳሰሰ፣ የደም ውጤቱን አየ።

«ዳንኩ ማለት ነው?» አለ ወንድሜ።

«በ3 ወር ተመለስ» አለው።

ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን። ሒሳቡን እሱ ከፈለ።