ቡስት ምንድን ነው? ብርድ ሲሆንስ ቱርቦ መኪና ለምን ይፈጥናል?

ቱርቦ መኪና የምትነዱ ሰዎች ይሄን ሳታስተውሉት አትቀሩም። ማለዳ በብርዱ መኪናው ቀለል ብሎት ይሄዳል። ቀትር ላይ፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ይከብደዋል። እንዲያው መስሏችሁ አይደለም፣ እውነት ነው።

ቱርቦ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከሞተሩ ወደ ማርሚታ የሚወጣው የጋለ ጭስ ተርባይን የምትባለውን ባለ ክንፍ ጎማ ያሽከረክራል፣ እሷ በሌላው ጫፍ ያለውን ማራገቢያ ታዞራለች፣ እሱ ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይደርሳል። ከውጪው አየር ግፊት በላይ የተጨመረው ይህ ግፊት ነው ቡስት የሚባለው። የቡስት ጌጁ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ካሳየ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት ከውጪው እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

ነዳጁን የሚያቃጥለው ግን ኦክስጅን ነው። ጌጁ ደግሞ ግፊት እንጂ የኦክስጅን መጠን አይነግራችሁም። አየር ሲቀዘቅዝ ይታመቃል፦ 30 ዲግሪ የነበረው ወደ 0 ሲወርድ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ 11 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኦክስጅኑም አብሮ ይጨምራል።

በዚያ ላይ አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እጃችሁን እንደሚያሞቀው ማለት ነው። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን 100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ እሱን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ነው፣ ውጪው ሲበርድ ደግሞ ሥራው ይቀለዋል። ቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጁ ያለጊዜው የመፈንዳቱ አደጋም ስለሚቀንስ የመኪናው ኮምፒውተር የካንዴላውን እሳት ቀደም ያደርገዋል። ይሄም ጉልበት ነው።

ታዲያ ቡስቱ ራሱ ይጨምራል? የግድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአሁኖቹ መኪኖች ኮምፒውተሩ ዌስትጌት የምትባለውን ቫልቭ እየከፈተ የተወሰነውን ጭስ ተርባይኗን ሳይነካ ያሳልፈዋል። አየሩ በብርድ ከታመቀ የፈለገውን ጉልበት ባነሰ ቡስት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በብርድ ጌጁ ትንሽ ዝቅ ስላለ ብቻ ቱርቦው ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ጉልበት ለመጨመር የተነካካ መኪና ግን ሌላ ነው፤ ዌስትጌቱ በቂ ጭስ ማሳለፍ ካልቻለ ቡስቱ ከልክ በላይ ይዘላል፣ ሞተርም ይጎዳል።

እኛ አገር ደግሞ ብርድና ከፍታ አብረው ይመጣሉ። «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ቱርቦ እዚያ ይስማማዋል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ስህተት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000 ሜትር። አዋሽ 30 ዲግሪ፣ ደብረ ብርሃን 5 ዲግሪ ነው ብላችሁ አስሉት፦ የደብረ ብርሃን አየር አሁንም ከ10 በመቶ በላይ ይሳሳል። ከፍታው የወሰደውን ብርዱ አይመልሰውም። ቱርቦው ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ መሽከርከር አለበት። የብርዱን ጥቅም ማየት ከፈለጋችሁ የደብረ ብርሃንን ሌሊት ከደብረ ብርሃን ቀትር ጋር አወዳድሩ።

ብርድ ጉዳትም አለው። የቱርቦው ዘንግ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፣ ዘይት ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል። አሜሪካ፣ እንደ ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ባሉ ብርዳም ከተሞች ያላችሁ ይሄን በደንብ ያዙት። ለአየሩ የሚሆን ቀጭን ዘይት ተጠቀሙ። የውሃው ጌጅ መሃል ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፣ ዘይት ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ያህል ነዳጅ አትርገጡበት፣ ቀስ ብላችሁ ንዱት። ረጅም ዳገት ጨርሳችሁ ስትቆሙም ወዲያው አታጥፉት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ዘይቱ እየተዘዋወረ የጋለውን ቱርቦ ያብርደው።