ባክግራውንድ ቼክ ምንድን ነው? መሣሪያ ሲገዛ ማን ምኑን ያያል?

አሜሪካ የሚኖር አበሻ ሱቅ ከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት መሥራት ሲጀምር ይህ ወሬ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። «ለምን አንድ ሽጉጥ አትገዛም?» ከዚያ ጨዋታው ይደራል። አንዱ «18 የሞላው ሁሉ ይገዛል» ይላል። ሌላው «ኧረ 21 ነው!» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኤፍቢአይ ጎረቤትህን ሳይቀር ጠይቆ ነው የሚፈቅድልህ» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሦስተኛው ፊልም አብዝቷል።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንጨርሰው። የፌዴራል ሕጉ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ መሣሪያው ምንድን ነው? ሻጩስ ማን ነው? ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ ነው። ረጅም መሣሪያ (ጠመንጃ) ከሆነ ግን 18 ይበቃል። ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ተራ ሰው ከሆነ ለሽጉጥም 18 ነው፣ ለረጅሙ ጭራሽ በፌዴራል ሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ዕድሜ የለም። ስለዚህ የ19 ዓመት ልጅ ሱቅ ገብቶ ትንሿን ሽጉጥ ይከለከልና ከኋላዋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ኤአር-15 የሚባል ጠመንጃ ገዝቶ ሊወጣ ይችላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ ግን ሕጉ የወጣው በ1968 ነው። በዚያን ጊዜ የሚፈራው ኪስ ውስጥ የሚደበቀው ነበር፣ ረጅሙ የአዳኝ ዕቃ ነው ተብሎ ይታለፋል። ክልሎች (እነሱ ስቴት የሚሏቸው) ከዚህ በላይ ማጥበቅ ይችላሉ። ፍሎሪዳ በ2018 ፓርክላንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ለሁሉም መሣሪያ 21 አደረገችው። የሽጉጡ 21 ራሱ አሁን ክርክር ላይ ነው፤ በ2025 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል ሌላው ደግሞ የለም ይጸናል ብሏል።

አሁን ወደ ባክግራውንድ ቼኩ፣ ማለትም ገዢው የተከለከለ ሰው አለመሆኑን ወደሚያጣራው ምርመራ። ሱቅ ገባችሁ እንበል፣ ዕቃውንም መረጣችሁ። ሻጩ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ መታወቂያ ነው። ፎቶ ያለበትና አሁን የምትኖሩበት አድራሻ የተጻፈበት መሆን አለበት። ቤት ቀይራችሁ መንጃ ፈቃዳችሁን ካላስተካከላችሁ ጣጣው እዚሁ ይጀምራል። ቀጥሎ ፎርም 4473 የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት ከሞላችሁ በኋላ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ይመጣሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ሊያሳስር በሚችል ወንጀል ተፈርዶብሃል? ፖሊስ ይፈልግሃል? ባለቤትህን ወይም ፍቅረኛህን እንዳትደርስባት የፍርድ ቤት እገዳ አለብህ? እሷን በመምታትስ ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በቤት ውስጥ ጠብ ተከሶ «ቀላል ወንጀል ነው፣ አምነህ ውጣ» ተብሎ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው፣ አንድም ቀን ሳይታሰር መሣሪያ ከመያዝ ሊታገድ ይችላል። ሌላው ዕፅ ነው። ማሪዋና በምትኖሩበት ስቴት ተፈቅዶ ሊሆን ይችላል፣ ፎርሙ ግን በፌዴራል ሕግ እንደማይፈቀድ በግልጽ ጽፎ ያስጠነቅቃል። ጫትም ቢሆን «የባህል ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው። የመኖሪያ ወረቀትም ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ይገዛል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቅሉ አይገዛም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በስተቀር።

ፎርሙ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። የፕሬዚዳንት ባይደን ልጅ ሃንተር በ2024 ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ ወረቀት ላይ የዕፅ ተጠቃሚ አይደለሁም ብሎ በመሙላቱ ነበር። በኋላ አባቱ ምሕረት አደረጉለት። አባታችን ፕሬዚዳንት ያልሆነ እንጠንቀቅ።

ከፈረማችሁ በኋላ ሻጩ ስልክ ያነሳል ወይም ኮምፒውተር ላይ ያስገባችኋል። በቃ፣ ባክግራውንድ ቼክ ይሄ ነው። ጥያቄው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ክላርክስበርግ ወዳለው የኤፍቢአይ ማዕከል ይሄዳል። ቨርጂኒያን በመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ በስቴቱ ፖሊስ በኩል ያልፋል። ስማችሁና የልደት ቀናችሁ ከሦስት መዝገቦች ጋር ይመሳከራል። አንዱ የሚፈለጉ ሰዎችና የእገዳ ትዕዛዞች ያሉበት ነው፣ ሁለተኛው የወንጀል ታሪክ ነው፣ ሦስተኛው መሣሪያ እንዳይገዙ የተከለከሉ ሰዎች ስም ነው። መልሱ «ይቀጥል»፣ «ይቆይ» ወይም «ተከልክሏል» ነው። ብዙውን ጊዜ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ጎረቤት የሚጠይቅ የለም፣ ፌስቡክ የሚያይ የለም፣ አሠሪ ጋ የሚደውልም የለም። ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር የተመሳሰለበት ግን «ይቆይ» ሊባል ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መሙላት ግዴታ ባይሆንም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ሰው ጉዳት ነው። በመጋቢት 1981 ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ ሲተኮስ ቃል አቀባያቸው ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመታ። ተኳሹ ሽጉጡን የገዛው ዳላስ ውስጥ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ብር ከሚያበድር ሱቅ ነበር። በዚያን ጊዜም ፎርም ነበር፣ ግን እውነት መሙላቱን የሚያጣራ የፌዴራል አሠራር አልነበረም። ብሬዲና ባለቤቱ ሣራ ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በስሙ የተጠራው ሕግ በ1993 ተፈረመ። የኮምፒውተሩ ማጣሪያ ደግሞ በኅዳር 1998 ሥራ ጀመረ። ብሬዲ በ2014 ሲሞት የአስከሬን መርማሪው የሞቱን መንስኤ «ግድያ» ብሎ መዘገበው፣ ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ቀዳዳውስ? ትልቁ ሰዓቱ ነው። «ይቆይ» ከተባለ በኋላ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። በ2015 ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎችን የገደለው ልጅ ሽጉጡን ያገኘው እንዲህ ነው። የዕፅ ክስ ነበረበት። የኤፍቢአይ አጣሪዋ ግን መዝገቡን የያዘውን ፖሊስ ጣቢያ ስታፈላልግ ቀኑ አለፈ። ሁለተኛው ቀዳዳ መዝገቡ ራሱ ነው፤ ያልገባ ነገር አይወጣም። በ2017 ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ፣ ቴክሳስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተኮሰው ሰው ቤተሰቡን በመደብደብ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፣ አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ለኤፍቢአይ አላሳወቀም። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሰው አየ።

ቴክሳስ፣ ኡቫልዴ ትምህርት ቤት ውስጥ ከደረሰው ግድያ በኋላ ሕጉ ትንሽ ጠበቅ ብሏል። በግንቦት 2022 አንድ ወጣት 18 በሞላው ሰሞን ሁለት ረጅም መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ገደለ። በወሩ የወጣው ሕግ ዕድሜውን አልነካም። ግን ገዢው ከ21 በታች ከሆነ የልጅነት የወንጀልና የአእምሮ ጤና መዝገቡም ይታያል፣ የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ጊዜው እስከ 10 የሥራ ቀን ይራዘማል።

ከግለሰብ ለሚገዛ ሰው ግን የፌዴራል ሕግ ማጣሪያ አያስገድድም። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ያስገድዳሉ።

የመጨረሻው ነገር ለኛ ሰው የግድ ነው፤ እኛ ዘመድ ሲለምነን እምቢ ማለት አንችልበትማ። ፎርሙ ላይ «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» የሚል ጥያቄ አለ። በገዛ ገንዘባችሁ ገዝታችሁ መያዝ ለማይከለከል ሰው በስጦታ መስጠት ይቻላል። ብሩን እሱ ሰጥቷችሁ በስማችሁ ከገዛችሁ ግን ወንጀል ነው፤ በ2022ቱ ሕግ ደግሞ ለተከለከለ ሰው መግዛት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ቅናሽ አገኛለሁ ብሎ ለአጎቱ ግሎክ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው አስቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ልኮለት ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2014 አምስት ለአራት ተፈረደበት። አጎትየው እኮ ሽጉጡን የተረከበው ራሱ ፎርም ሞልቶ፣ ራሱ ተጣርቶ፣ ንጹሕ ነው ተብሎ ነው።